የላቲን ስንቅ በወገዳ መንገድ

ይህን የምጽፈው ወገዳ ለማትሄዱ ሰዎች ነው። የምትሄዱ ከሆነ እኔ ባልነግራችሁም መንገዱ ይነግራችኋል። ወገዳ የስማዳ ወረዳ ከተማ ናት። ስማዳ ደግሞ በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ፣ ከጋይንትና ከእስቴ ጋር ተደጋግፎ የተቀመጠ፣ ገብስና ባቄላ የማይጠፋበት፣ መኪና ግን የሚጠፋበት አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ «ስማዳ ልሄድ ነው» ስል ግማሹ ወዳጄ «በሰላም ግባ» አለኝ፤ ሌላው ግማሽ «ምነው፣ ምን ገጠመህ?» አለኝ።

የገጠመኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቃል ነው። እኔ ኑሮዬን የምገፋው ከጣሊያንኛ በመተርጎም ነው፤ የልደት ወረቀት፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ አልፎ አልፎም የማላውቃቸውን ሰዎች የፍቅር ደብዳቤ። በትርፍ ጊዜዬ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ትንሽ የጣሊያንኛ የቤተ ክርስቲያን ቃላት መፍቻ ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ባለቤቴ «ይኼን መጽሐፍ የሚገዛህ ሰው መጀመሪያ መወለድ አለበት» ትላለች።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው «ቪያቲኮ» የሚል ቃል ላይ ቆምኩ። ጣሊያኖች ለሞት ለተቃረበ ሰው የሚሰጠውን የመጨረሻ ቁርባን ቪያቲኮ ይሉታል። ከላቲኑ «ቪያቲኩም» የመጣ ነው፤ እሱም «ቪያ» ከሚለው፣ መንገድ ማለት ነው። የጥንት ሮማውያን ለመንግሥት ሥራ ሩቅ አገር ለሚልኩት ሹም የሚያሲዙት ምግብ፣ ልብስና የመንገድ ወጪ ቪያቲኩም ይባል ነበር፤ ስንቅና አበል በአንድ ላይ በሉት። ክርስትና ሲመጣ ቃሉን ከሹሙ ተቀብሎ ለሟቹ ሰጠው። ጣሊያኖች ጉዞን ራሱን «ቪያጆ» የሚሉት እንኳ ከዚሁ ከስንቁ ቃል አውጥተው ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የማላውቀው በአማርኛው በኩል ምን እንደምጽፍ ነበር። «ሥጋ ወደሙ» ብል ስንቁ ይቀራል፤ «ስንቅ» ብል ቁርባኑ ይቀራል። ቦታውን ባዶ ትቼ ስምንት ወር ተቀመጥኩ።

ሁለተኛው ነገር የስልክ ጥሪ ነው። የእናቴ ወንድም ጋሼ ታፈረ፣ አባቴ ሲሞት ወስደው ያሳደጉኝ፣ ወገዳ ላይ ዕድሜ ልካቸውን አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ደወሉ። «መላኩ፣ እሑድ ልቆርብ ነው። የልብ ነገር አይታወቅምና ካየኸኝ እየኝ» አሉኝ። በእኛ አገር ሰው በልጅነቱ ይቆርባል፣ ጎልማሳ ሲሆን ይሸሻል፣ ሲያረጅ ይመለሳል። ጋሼ ታፈረ ከሸሹ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። አሁን ንስሐቸውን ጨርሰዋል፤ ልባቸው ግን ደክሟል፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ የሚጨምሩት ነገር እንደሌለ ተናግረዋል። ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ቪያቲኮ መሆኑን ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ረቡዕ። ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። ባለቤቴ ያሰነቀችኝን ከረጢት ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከጎኔ ደብረ ታቦር የሚወርዱ አንዲት እናት ተቀምጠው፣ ዓባይን ወርደን ወጣን። ምሳ ሰዓት ላይ አውቶብሱ ቆመ። እሳቸው ድንችና ጎመን የተጠቀለለበት እንጀራ አወጡ፤ እኔ ከረጢቴን ፈታሁ። የእንቁላል ሳንድዊች ነው።

«ልጄ፣ ረቡዕ እኮ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

«አውቃለሁ እማማ፤ ለነገ ነው» አልኩና መልሼ ቋጠርኩት። ስድስት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ቃላት የለቀመ ሰው ጾም መሆኑን ከአውቶብስ ጎረቤቱ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አልነግራችሁም። እሳቸው ከምግባቸው እኩሌታውን ቆርሰው ሰጡኝ። ለውለታው ብዬ የቪያቲኮን ታሪክ ከሮማው ሹም ጀምሬ አስረዳኋቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ «ታዲያ እኛስ ምን እንላለን? ስንቅ ነው እንጂ። ሰው ሳይቆርብ ሲሞት ያለ ስንቅ ሄደ እንል የለም?» አሉ። በአንድ ጉርሻና በሌላው መካከል ስምንት ወር የፈለግሁትን ነገሩኝ። እኔ ግን ማስታወሻዬ ላይ አልጻፍኩትም፤ ምንጩ ምን ተብሎ ይጠቀሳል?

ማታ ደብረ ታቦር አደርኩ። የሆቴሉን ልጅ «ሙቅ ውሃ አለ?» ብላት «ነበረ» አለችኝ። አዲስ አበባ ቢሆን «አሁን ይመጣል» ይሉና ሦስት ቀን ያስጠብቁ ነበር። እዚህ እውነቱን ይናገራሉ፤ ይበርዳል እንጂ አያናድድም።

ሐሙስ። ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሣ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሞላ የተባለው እኔ ሞላ ካልኩት በኋላ ስድስት ሰው ሲጨመር ነው። ንፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ናት፤ ስሟን ያወጣላት ሰው ኮት አልነበረውም መሰለኝ። ወደ ወገዳ የሚሄድ መኪና በማግስቱ ብቻ መሆኑን ነገሩኝና አልጋ ያዝኩ። ያ ሳንድዊች አሁን ይበላል ብዬ ብፈታው መብላቱ ቀርቶ ማሽተቱም ከበደኝ። ለሆቴሉ ውሻ ወረወርኩለት፤ ቀርቦ አየውና እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሄደ።

ማታ ራት ስበላ ከአንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ጋር ተዋወቅሁ። የባህል ነገር ይከታተላል፤ አበሉ ሦስት ወር ዘግይቶበት ሲያማርር ነው ያገኘሁት። ስለ ቪያቲኮ ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ይኼ ቃል ፕሮጀክት ይወጣዋል። ፕሮፖዛል እንጻፍ። ዎርክሾፕ ይደረግ። የሚመለከታቸው አካላት ይምጡ» አለኝ። የሚመለከታቸው እነማን እንደሆኑ ብጠይቀው «የሚሞቱትን በቀጥታ ማሳተፍ ይከብዳል፤ ቤተሰብ ይወክላቸዋል» አለ። የሮማው ሹም ከነምግቡ፣ ከነልብሱና ከነወጪው ተሰናድቶ ይወጣ እንደነበር ስነግረው ግን ዓይኑ ራሰ። «ሲስተም ነበራቸው ማለት ነው» አለ። የእኔን ራት እሱ ከፍሎ ሄደ፤ ብከለክለው «እንግዳ ነህ» አለኝ። በአበሉ የሚያማርር ሰው ሁሉ እንዲህ ቢሆን አገሩ ችግር አልነበረበትም።

ዓርብ። ማለዳ በጭነት መኪና፣ ጋቢና ውስጥ፣ ሾፌሩንና አንዲት ነፍሰ ጡር ጤና ባለሙያን ተጠግቼ ወደ ወገዳ ጉዞ ጀመርኩ። ክረምቱ ከወጣ ወር አልፎታል፤ ታች ጋይንትን አልፈን የገባንበት መንገድ ግን ክረምቱ መውጣቱን አልሰማም። አራት ሰዓት አካባቢ የኋላ ጎማው ተዘፈቀ። ከላይ የተጫኑት ሰዎች ወርደው ድንጋይ መልቀም ጀመሩ። እኔም ልረዳ ብዬ አንድ ድንጋይ ሳነሣ «ያንን ተወው፤ የአጥር ነው» አሉኝ።

አጥሩ የአንድ ገበሬ ነበር። ባለቤቱ አቶ ጥጋቡ መጡ፤ ስለ አጥራቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ የራሳቸውን ካብ ራሳቸው አፍርሰው ከጎማው ሥር አስገቡ። ከዚያ «መኪናው እስኪወጣ እናንተ ሰዎች ምን ትሠራላችሁ? ግቡ» አሉ። አሥራ ዘጠኝ ነበርን። አዲስ አበባ እኔ በምኖርበት ፎቅ አሥራ ዘጠኝ ሰው በር ቢያንኳኳ መጀመሪያ የሚመጣው ፖሊስ ነው። እዚህ የመጣው የባቄላ እሸት ነው፤ ጥሬውን፣ ጥብሱን፣ ቅቅሉን፤ ቀጥሎም ጠላ።

ባለቤታቸው ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። አጎቴ መታመማቸውን፣ እሑድ ሊቆርቡ መሆኑን ነገርኳቸው። ጓዳ ገብተው በትንሽ የዘይት ጀሪካን ማር ይዘው ወጡ። አይሆንም፣ ይህማ ይበዛል ብዬ ስግደረደር «አንተን ማን ሰጠህ? ለታማሚው ነው» አሉና እጄ ላይ አስቀመጡት። እኚህ ሴት በደግነት ያስያዙኝ ማር እኔ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን አላወቁም።

አመሻሽ ላይ ወገዳ ገባሁ። ጋሼ ታፈረን ያገኘኋቸው አልጋ ላይ በትራስ ተደግፈው ነው። ከሲታ ቢሆኑም ድምፃቸው ያው የመምህር ድምፅ ነበር። «ጠቁረሃል» አሉኝ። ልጃቸው ውብአለም ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የመድኃኒቱን ሰዓት ከጾሙ ሰዓት ጋር አስማምታ በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። ቅዳሜ ቀትር ላይ የመጨረሻውን ምግብና ክኒን ይወስዳሉ፤ ከዚያ እሑድ ቅዳሴ እስኪያልቅ ድረስ ምንም። ከዚያ በላይ ልባቸው እንደማይችል ነገረችኝ። «አንድ ዕድል ነው ያለን፣ ወንድም ጋሼ» አለችኝ።

ቅዳሜ። ቀኑን ሙሉ ጎረቤት ሲገባና ሲወጣ ዋለ። እኔም ጋሼን ለማጫወት ቪያቲኮን አነሣሁላቸው። ሮም በተማርኩበት ሁለት ዓመት፣ አንድ ቄስ ቁርባኑን በደረት ኪሱ ይዞ በሞተር ሳይክል ወደ በሽተኛ ቤት ሲበር በየሳምንቱ አየው እንደነበር ነገርኳቸው።

«እዚያ ስንቁ ወደ መንገደኛው ይመጣል ማለት ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«እዚህ መንገደኛው ተነሥቶ ወደ ስንቁ ይሄዳል። ካልቻለ ሰው ይሸከመዋል እንጂ ቁርባን ከመቅደስ ወጥቶ ቤት ለቤት አይዞርም።» ትንሽ ተነፈሱና «ተኝቶ የሚጠብቅማ ምን መንገደኛ ይባላል» አሉ።

ይህን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። እሳቸው የተማሩ ስለሆኑ ይጠቀሳሉ።

እሑድ። ጎህ ሲቀድ ውብአለም ቃሬዛ የሚሸከሙትን ጎረቤቶች ልትጠራ ወጣች። እኔን ከአባቷ አጠገብ አስቀምጣ «ምንም እንዳትሠራ። ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለችኝ። ለተማረ ሰው ከዚህ የከበደ ትእዛዝ የለም።

ጋሼ በከፊል እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ምላሳቸው እየወጣ ይዳስሰዋል። አንድ ጊዜ «ውሃ» ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ። አሁን የምለውን ልብ በሉ። ሰው ሳይበላ እንደሚቆርብ አላውቅም አልልም፤ አውቃለሁ። ግን እኔ ቁርባንን ያነበብኩት በጣሊያንኛ ነው። በእነሱ ሥርዓት ከመቁረብ በፊት አንድ ሰዓት መጾም ይበቃል፣ ውሃና መድኃኒት አይቆጠርም፣ በሽተኛማ ጭራሽ ይማራል። ይህ በደብተሬ ላይ በሁለት ቀለም ተጽፎ አለ። እንግዲህ ሥልጣኔ ያለው ሰው እንዴት አሮጌ አጎቱ በጥም ሲንገበገቡ ያያል? ከጀሪካኑ ማር በማንኪያ ቆንጥሬ በኩባያ ውሃ በጠበጥኩ፤ ብርዙን ቀስ አድርጌ ከንፈራቸው ላይ አስጠጋሁ። ጠጡ። ግማሽ ኩባያ ያህል ጠጡ። ፊታቸው ፈካ ሲል በራሴ ኮራሁ። ሮማዊው ሹም ሲወጣ ስንቅ የሚያሲዘው ደግ ሰው እኔ የሆንኩ መሰለኝ።

ስምንት ሰዎች ተፈራርቀው ተሸክመዋቸው፣ አንድ ቁልቁለት ወርደን አንድ ዳገት ወጥተን፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ መድኃኔዓለም ደጃፍ ደረስን። የንስሐ አባታቸው ቄስ አዳነ መስቀል አሳልመው ጎንበስ አሉና እንደ ደንቡ ጠየቁ። «ከትናንት ወዲህ አፍዎ የቀመሰው ነገር አለ?»

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። እኔን አላዩም። «አለ አባ። ጎህ ሲቀድ ብርዝ ጠጥቻለሁ» አሉ።

ውብአለም ወደኔ ዞረች። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ ከፊቴ ላይ አላነሣሁትም። «እኔ ነኝ የሰጠኋቸው» አልኩ፤ እዚያ ላይ ማቆም ስችል ቀጠልኩ። በጣሊያን አገር ውሃ እንደማይቆጠር፣ ቪያቲኩም የሚለው ቃል ራሱ ምግብ ማለት እንደነበር፣ ከላቲኑ ጀምሬ ለቄሱና ላብ ለሚያጠምቃቸው ስምንት ሰዎች አስረዳሁ። ቄስ አዳነ አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ልጄ፣ ጣሊያን አገር ቢሆኑ ኖሮ እነዚህ ሰዎችስ መች ይሸከሟቸው ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። አንድ ሌላ ቄስ፣ ነፍሱ ልትወጣ ለደረሰ ሰው በልቶም ቢሆን መጽሐፉ እንደሚፈቅድ አነሡ። ስለዚህ ጋሼ ሊሞቱ ነው ወይስ አይሞቱም የሚል ስብሰባ በራሳቸው በጋሼ ፊት ተቀመጠ። ውብአለም የልብ ትርታቸውን ለካች። አንዱ ተሸካሚ ባለፈው ሳምንት ከነበሩት ዛሬ ይሻላሉ አለ፤ ሌላው በመንገድ ላይ ከብደውኛል፣ የሚሞት ሰው ይቀላል አለ። ውብአለም «ይፈቀድላቸው አባ፤ ሌላ ጊዜ አይደርሱም» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«እኔ እኮ አለሁ» አሉ ጋሼ ከቃሬዛው ላይ። «ሃምሳ ዓመት ቆይቼ፣ ጠጥቼ አልገባም። ሐሙስ የጥቅምት መድኃኔዓለም ነው። ሐሙስ አምጡኝ።»

«ሐሙስ ድረስ ባይሆንስ አባባ?» አለች ውብአለም።

«ባይሆን የኔ ነው። መልሱኝ።»

ከተሸካሚዎቹ ትልቁ ትከሻውን እያሻሸ «እንግዲህ ሐሙስም እኛው ነን» አለ። አንሥተው መለሷቸው። ዳገቱ ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱ ዳገት ሆኖ፣ ማንም ሳያናግረኝ ከኋላ ተከተልኩ።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ወጥቷል። የማላውቀው ሰው ሁሉ ሰላምታ ሰጥቶኝ «ብርዙ አንተ ነህ?» ይለኛል። ሱቅ ገብቼ አንድ ውሃ ብጠይቅ ባለሱቁ ጠርሙሱን እንደያዘ «ለራስህ ነው?» አለኝ። ውብአለም ኩባያዎቹን፣ ማንኪያዎቹንና ጆጉን ሰብስባ መደርደሪያው አናት ላይ አወጣቻቸው፤ ውሃ ሲጠማኝ እሷን አስፈቅጄ እጠጣ ነበር። ጎረቤቶቹ ግን ሳህን ሙሉ ምግብ እያመጡ «ብላ፤ አንተ ደግሞ ታምመህ እንዳታሸክመን» ይሉኛል። ብቆጣ ደስ ባለኝ፤ አንዳቸውም የሚያስቆጣ ነገር አልሠሩም።

ማክሰኞ ከሰዓት ጋሼ ትንፋሽ አጠራቸው። ከንፈራቸው ጠቆረ። ውብአለም ከጤና ጣቢያ እየሮጠች መጥታ ኦክስጅን ገጠመችላቸው፤ እኔ ቤቱ ጓሮ ወጥቼ፣ ካደግሁ ወዲህ ያላለቀስኩትን ለቅሶ አለቀስኩ። እሳቸው ቢሞቱ የሚያዝንላቸው ብዙ ነው። ሃምሳ ዓመት ተጉዘው ደጃፉ ላይ የመለስኳቸው ግን እኔ ብቻ ነኝ። የላቲኑን፣ የሮማውን፣ የስድስት ዓመቱን ደብተር ሁሉ ያች ኩባያ እንዳልተሰጠች ብትሆንልኝ አሳልፌ እሰጥ ነበር።

ማታ ትንሽ ተነፈሱ። እንድጠጋቸው ምልክት ሰጡኝና «ረቡዕ ቀትር ላይ እበላለሁ። ከዚያ በኋላ ከዚህ ክፍል ውጣ» አሉኝ። ወጣሁ። ረቡዕን ከጎረቤት ቤት አደርኩ።

ሐሙስ። ያው ስምንት ሰዎች መጡ። እኔም ካልተሸከምኩ አልኩ፤ የከተማ ጫማዬን አይተው አንድ ጫፍ ሰጡኝ። ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራተትኩና ቃሬዛው ዘመመ፤ ትልቁ ተሸካሚ ጫፉን ከእጄ ወሰደ። ከዚያ ወዲያ ዱላቸውንና ትርፍ ነጠላቸውን ብቻ ይዤ ሄድኩ።

ደጃፉ ላይ ቄስ አዳነ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። ጋሼ «የለም» አሉ። ድምፃቸው ሊሰማ አልቻለም፤ ቄሱ ከንፈራቸውን አይተው ነው የተረዱት። ወደ ውስጥ አስገቧቸው። እኔ ከማይቆርበው ሕዝብ ጋር ውጭ ቀረሁ፤ የበዛነውም እኛ ነን። ቅዳሴው ረዘመ፣ ወይም ለእኔ ረዘመ። እያንዳንዱን «እግዚኦ» እየቆጠርኩ፣ በየመካከሉ አሁን ይሆን፣ ካሁን በፊት ይሆን እያልኩ የተደገፍኩበትን ዋርካ ልጥ በጥፍሬ ላጥኩት። በመጨረሻ ውብአለም ወጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር። ራሷን ብቻ ነቀነቀችልኝ።

ሲወጡ ጋሼም አፋቸው በነጠላ ተሸፍኗል፤ ከነጠላው በላይ ያሉት ዓይኖች የሚስቁ ይመስሉ ነበር። በዝግታ ተሸክመናቸው ተመለስን። ቤት ስንደርስ ውብአለም አጥሚት በማንኪያ ይዛ ልታጎርሳቸው ቀረበች።

«ለሱ ስጪው» አሉ።

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ሳህኑንና ማንኪያውን ሰጠችኝ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ጋቢያቸው ላይ ደፋሁት።

«እሑድ እንኳ ጠብታ አላፈሰስክም» አሉኝ። ውብአለም ሳቀች፤ እኔ ግን ሁለተኛውን በትክክል አጎረስኳቸው።

ዓርብ። ማለዳ ላይ ጋሼ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የጥንት ተማሪዎቻቸውን ስም እየጠሩ እንዴት እንደሆኑ ይጠይቁ ነበር። ልቆይ ብላቸው ተቆጡ፤ «ሥራህን ሂድ። መንገድ ላይ የምታድርበት ስትደርስ በሰላም መግባትህን ደውል» አሉኝ። ከአገር ስወጣ ሁልጊዜ የሚሉኝ ነገር ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ስመለስ በእስቴ በኩል ሄድኩ። መንገዱ ከመጣሁበት አይሻልም፤ ነገር ግን መጥፎ መሆኑን ስለማውቅ ቀለለኝ። ከጎኔ የተቀመጠ የሒሳብ መምህር ምን ሥራ እንደምሠራ ጠየቀኝ። ተርጓሚ ነኝ አልኩት፤ የምን ብሎ ሲጨምር «የልደት ወረቀት» አልኩና አበቃሁ። አመሻሽ ላይ የእስቴ ወረዳ ከተማ መካነ ኢየሱስ ገባሁ። የያዝኩት አልጋ ቤት ባለቤት ከወገዳ መምጣቴን ስትሰማ፣ እግሬ የሚነከርበት የሞቀ ውሃ በሳፋ ይዛልኝ መጣች። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ይህን ብጠይቅ ሻንጣዬን ከበር ውጭ አገኘው ነበር። እግሬን እንደነከርኩ ወገዳ ደወልኩና በሰላም መግባቴን ለውብአለም ነገርኳት። «እነግራቸዋለሁ» አለችኝ።

ቅዳሜ። ጠዋት የደብረ ታቦሩ አውቶብስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሾፌሩ ሞተሩን እያሞቀ፣ ስልኬ ጮኸ። ውብአለም ነበረች።

«ወንድም ጋሼ፣ አባባ ንጋት ላይ አረፉ» አለችኝ። አላለቀሰችም፤ ወይም አልቅሳ ጨርሳለች። «ማታ ስልኩን ስዘጋ ‹መላኩ ገባ?› አሉኝ። ‹ገብቷል፣ መካነ ኢየሱስ አልጋ ይዟል› አልኳቸው። ‹ከገባማ እንግዲህ እኔም ልሂድ› አሉ። የሚተኙ መስሎኝ መብራቱን አጠፋሁላቸው።»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ወርጄ ረዳቱን ሻንጣዬን ከላይ እንዲያወርድልኝ ጠየቅሁት።

«ደብረ ታቦር አይደለህም እንዴ?» አለኝ።

«ወገዳ ነኝ» አልኩት።